ባዜቃ፦ ከጋምቤላ የወርቅ ጉድጓድ እስከ ቤታችን ስለሚደርሰው መርዝ ማወቅ ያለብን

የጋምቤላ ክልል ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ባሮ ወንዝ፣ ኃይለኛው ሙቀትና የስደተኛ ጣቢያዎቹ ናቸው። ክልሉ ግን የወርቅም አገር ነው። ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚዋሰነው ዲማ ወረዳ፣ እንዲሁም በአቦቦና በመንገሺ በኩል ወርቅ በባህላዊ መንገድ ይወጣል። ከመሀል አገር፣ ከሰሜንና ከደቡብ ተነስተው ሪዝቃቸውን ፍለጋ ወደዚያ የወረዱ ወጣቶች ቁጥር ቀላል አይደለም። ከእነርሱ መካከል የብዙዎቻችን ወንድሞች፣ የጎረቤት ልጆችና የአክስት ልጆች ይገኙበታል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በዋናነት ለእነርሱና ለቤተሰቦቻቸው ነው። ወርቅ ገዝተው የሚሸጡ ነጋዴዎችና አንጥረኞችም ጉዳዩ በቀጥታ ይነካቸዋል።

ጉዳዩ ባዜቃ ነው። በመዝገበ ቃላት ባዜቃ የሚባለውን ዛሬ ገበያውም ቆፋሪውም ሜርኩሪ ይለዋል። ሁለቱም ስሞች የአንድ ነገር ናቸው።

ባዜቃ ምንድን ነው?

ባዜቃ ከብረታ ብረት ወገን ሆኖ በተለመደው የአየር ሙቀት ፈሳሽ የሚሆን ብቸኛው ነው። እንደ ብር ያብረቀርቃል፤ መሬት ላይ ሲፈስ እንደ ዶቃ ተበታትኖ ይንከባለላል። ከውሃ 13.6 ጊዜ ይከብዳል። አንድ ሊትር ውሃ በሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ ቢሞላ ከ13 ኪሎ በላይ ይመዝናል ማለት ነው። ልጆች መጫወቻ ሊያደርጉት የሚፈልጉትም መልኩና አካሄዱ ስለሚማርካቸው ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ፈሳሹ ባዜቃ በስህተት ቢዋጥ፣ ጤነኛ ሆድና አንጀት ወደ ደም የሚያሳልፈው እጅግ ጥቂቱን ነው፤ አብዛኛው ከሰገራ ጋር ይወጣል። ተን ሆኖ በአፍንጫ ሲገባ ግን ሳንባ ከተሳበው ውስጥ 80 በመቶ ያህሉን ወደ ደም ያሳልፈዋል። ስለዚህ ቆፋሪው «በእጄ ስነካው ምንም አልሆንኩም» ቢል አይገርምም። የሚጎዳው እጁ ላይ ሲያገላብጠው ያየው ፈሳሽ ሳይሆን፣ ያላየውና ያላሸተተው ተን ነው። የባዜቃ ተን ሽታ የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም፤ ጉሮሮም ወዲያው አይቆረቁርም።

ለመትነን የግድ እሳት አያስፈልገውም። ክዳኑ በተከፈተ ዕቃ ከተቀመጠ ዝም ብሎ ይተናል። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ትነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። አዲስ አበባ ብርድ ላይ የተቀመጠ ባዜቃና፣ በበጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት የጋምቤላ ቆላ በላስቲክ ቤት ጥግ የተቀመጠ ባዜቃ እኩል አደጋ የላቸውም።

ከጉድጓድ እስከ ወርቅ ቤት

በአገራችን ባህላዊ ወርቅ ለረጅም ዘመን የተመረተው በገበታና በውሃ ብቻ ነበር። አፈሩ ይታጠባል፤ ቀላሉ በውሃ ይሄዳል፤ ከባዱ ወርቅ ከገበታው ሥር ይቀራል። ይህ ዘዴ ለወንዝ ዳር አፈር ይበቃል። ድንጋይ እየተቆፈረና በወፍጮ እየተፈጨ ወርቅ መውጣት ሲጀምር ግን በዓይን የማይለይ ብናኝ ወርቅ በውሃ እየሄደ አስቸገረ። ያን ጊዜ ባዜቃ ገባ። በወርቅ ስፍራዎቻችን ሜርኩሪም ሳይናይድም ከቁጥጥር ውጭ እንደሚሠራባቸው ሲነገር ዓመታት ተቆጥረዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የታጠበው ጥቁር አሸዋ ላይ ባዜቃ ይጨመርና በእጅ ይታሻል። ባዜቃው ወርቁን እየለቀመ አብሮ ሊጥ የመሰለ ነገር ይሆናል። ይህ ሊጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲጨመቅ ትርፉ ባዜቃ ይወጣል። በጨርቁ ውስጥ የሚቀረው ነጭ ጓል ግማሽ ያህሉ ወርቅ፣ ግማሽ ያህሉ ባዜቃ ነው። ከዚያ ጓሉ በብረት ድስት ወይም በአካፋ ላይ ተደርጎ እሳት ላይ ይወጣል። ባዜቃ በ357 ዲግሪ ስለሚፈላ በከሰል እሳት ሁሉ ተንኖ ይጠፋል፤ ቢጫው ወርቅ ይቀራል።

«ይጠፋል» አልን እንጂ የትም አይጠፋም። ከፊሉ እሳቱን ከበው የተቀመጡት ሰዎች ሳንባ ውስጥ ይገባል። የቀረው በጣሪያው፣ በፍራሹ፣ በልብሱና በምግብ ዕቃው ላይ ቀዝቅዞ ያርፋል፤ በማግስቱ ፀሐይ ሲመታውም እንደገና ይተናል። 5 ግራም ወርቅ ያገኘ ሰው 5 ግራም ያህል ባዜቃ ለአየሩ ለቋል ማለት ነው። ሌባ እንዳያይ ወይም ሚዛኑ እንዳይጭበረበር እየተባለ ይህ ሥራ በዝግ ቤት ውስጥ ሲሠራ፣ ያ ቤት ልጆችም የሚተኙበት ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል።

ነገሩ ቆፋሪው ጋ አያበቃም። ከሜዳ የመጣው ወርቅ ጥቂት ባዜቃ በውስጡ ይዞ ይመጣል። ከተማ ያለው ገዥ ወይም አንጥረኛ ለማጥራት እንደገና ሲያቀልጠው ያ ቀሪ ባዜቃ በሱቁ ውስጥ ይተናል። ቆፋሪው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ያቃጥል ይሆናል፤ ገዥው ግን በቀን ብዙ ጊዜ፣ በጠባብ ሱቅ፣ ለዓመታት ያቀልጣል። ጎኑ ያለው ሻይ ቤትና ላይኛው ፎቅ የሚኖረው ቤተሰብም አብረው ይስቡታል። ወርቅ ቤት ያላችሁ ወንድሞች ይህን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቡት።

በነገራችን ላይ ባዜቃ ወርቅ ሲነካ ወዲያው ይይዘዋልና የመህር ቀለበቱ ወይም የአንገት ሐብሉ በድንገት ነጭ የሆነበት ሰው ባዜቃ እንደነካ ይወቅ። «ላንጻው» ብሎ እሳት ላይ ቢያወጣው የሚስበው ያንኑ ተን ነው።

በሰውነት ላይ የሚያደርሰው

ብዙ ተን በአንድ ጊዜ የሳበ ሰው በሰዓታት ውስጥ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ያተኩሰዋል፤ ያስለዋል፤ ደረቱን ይወጋዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። አፉ ብረት ብረት ይለዋል። ሲከፋ ሳንባው ውሃ ይሞላል፤ ሰው ሊሞትም ይችላል።

በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚስበው ሰው ምልክቱ ሌላ ነው። በመጀመሪያ እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ያለ ነገሩ ይቆጣል ወይም ከሰው ይሸሻል፤ የነገሩትን ይረሳል። ጣቶቹ፣ የዓይን ሽፋኑና ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። የሻይ ብርጭቆ ሳያፈስ ማንሳት፣ ስሙን አስተካክሎ መጻፍ ያቅተዋል። ድዱ ያብጣል፤ ምራቁ ይበዛል። ኩላሊቱም ይጎዳል። እነዚህ ምልክቶች ቀስ ብለው ስለሚመጡ ዘመድ «ጠባዩ ተለወጠ»፣ «ጫት አበዛ»፣ «ሰው ነካው» ይላል እንጂ መርዝ ነው ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

በእርጉዝ ሴት ላይ ተኑ ወደ ጽንሱ ያልፋል። ሕፃናት ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ በፍጥነት ስለሚተነፍሱና አንጎላቸው ገና በማደግ ላይ ስለሆነ የበለጠ ይጎዳሉ።

«ወባ ነው» የሚለው መልስ

የጋምቤላን ጉዳይ ከሌላው ለየት የሚያደርገው ይህ ነው። አገሩ ወባ የሚበዛበት ቆላ ነው። ቆፋሪ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ድካም ይዞት ሲመጣ ራሱም ጓደኞቹም ባለ ፋርማሲውም የሚያስቡት ወባን ነው። ብዙ ጊዜም ልክ ናቸው፤ ወባ ገዳይ ስለሆነ መመርመሩም መታከሙም ግዴታ ነው። ነገር ግን የወባ ምርመራው «የለም» ካለ በኋላም መድኃኒት ገዝቶ መዋጥና ወደዚያው እሳት መመለስ አደገኛ ነው።

ይህ በሌላ አገር ደርሶ ያየነው ነው። በሰሜን ናይጄሪያ፣ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት የዛምፋራ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ሕፃናት በትኩሳትና በመንዘፍዘፍ ይሞቱ ጀመር። መጀመሪያ የታሰበው ወባ ነበር። በወባ መድኃኒት አልዳኑም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ደማቸውን ሲያስመረምር የተገኘው ከፍተኛ የእርሳስ መጠን ነበር። ወርቅ ያለበት ድንጋይ ወደ መንደር መጥቶ በግቢ ውስጥ ይፈጭ ነበር፤ ድንጋዩ ከወርቁ ጋር ብዙ እርሳስ ይዟል። ከ400 በላይ ሕፃናት አለቁ። መርዙ እርሳስ እንጂ ባዜቃ አልነበረም፤ መንገዱ ግን አንድ ነው፤ የወርቅ ሥራው ወደ መኖሪያ ግቢ ገባ፤ ሕመሙም ወባ ተባለ። በዛምፋራ መርዙ የታወቀው ሐኪሞቹ ከወባ ሌላ ነገር ሲጠረጥሩ ነው፤ በዲማም ያለ ጤና ጣቢያ «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ ብቻውን ሰው ሊያድን ይችላል።

ወንዙና ዓሣው

እሳት ላይ ሳይወጣ በፊት ከአፈር ጋር የሚታጠበው ባዜቃም አለ። ይህ ከደለሉ ጋር ወደ ወንዝ ይወርዳል። በወንዝና በረግረግ ጭቃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተህዋስያን ወደ ሌላ ዓይነት፣ ማለትም ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል። ይህኛው እንደ ፈሳሹ አይደለም፤ ሲበላ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ወደ ደም ይገባል፤ ወደ አንጎልም ይደርሳል። ትንሹ ዓሣ ከጭቃው ያገኘዋል፤ ትልቁ ዓሣ ትንንሾቹን እየበላ ያጠራቅመዋል። ስለዚህ በተበከለ ውሃ ውስጥ ዓሣ በል የሆኑት እንደ ናይል ፐርች ያሉት ትልልቆቹ ከቆሮሶ ይበልጥ ይይዛሉ። መቀቀልም መጥበስም መርዙን አያወጣውም።

የውሃውን መንገድ በትክክል ማወቅ ይገባል፤ ያለዚያ ያለ ምክንያት ሰው ማስፈራት ይሆናል። የዲማ አካባቢ ውሃ የሚፈሰው ወደ አኮቦ ነው። አኮቦ የደቡብ ሱዳንን ድንበር ይዞ ሄዶ ከፒቦር ጋር ይገናኛል፤ ፒቦርና ባሮ ተገናኝተው ሶባትን ይፈጥራሉ፤ ሶባት ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። ይህ ግንኙነት ከጋምቤላ ከተማና ከኢታንግ በታች ነው። ስለዚህ በከተማው ድልድይ ሥር የሚያልፈው የባሮ ውሃ የዲማን እጥበት አያመጣም። የአኮቦን ዓሣ የሚበሉት የአኙዋና የኑዌር ቤተሰቦች፣ ከወንዙ ማዶ ያሉትም ጭምር፣ ጉዳዩ በቅርብ የሚመለከታቸው ናቸው። ወርቁን ከሚሸጠው ሰው ይልቅ ከወርቁ አንድ ብር ያላገኘ ዓሣ አጥማጅ ዕዳውን ሊከፍል ይችላል ማለት ነው።

ዓሣን በተመለከተ ዓለም ያወቀው በጃፓን ሚናማታ ከተማ ነው። ቺሶ የተባለ የኬሚካል ፋብሪካ ባዜቃ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕር ሲለቅ ኖረ። ድመቶች እየተንዘፈዘፉ ሞቱ፤ ቀጥሎ ሰዎች። በሽታው በይፋ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሆን መንግሥት መንስኤው ፋብሪካው ነው ብሎ ያመነው በ1968 ነው። በመሀሉ 12 ዓመት ዓሣው ተበላ። በይፋ የተመሰከረላቸው በሽተኞች ከ2,200 በላይ ናቸው።

ሌላው የኢራቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ድርቅ ለመታው ገበሬ ዘር ስንዴና ገብስ ከውጭ መጣ። ዘሩ እንዳይሻግት በሜቲል ሜርኩሪ ታሽቶ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። በየጆንያው ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ነበር፤ ገበሬው ሁለቱንም አያነብም። ብዙ ቦታ የደረሰውም የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ሰዉ ቀለሙን አጥቦ፣ ቀለሙ ሲለቅ መርዙም የለቀቀ መስሎት፣ ፈጭቶ ጋገረው። ሆስፒታል የገቡት 6,530፣ እዚያው የሞቱት 459 ሆነው ተመዘገቡ። ቤታቸው የሞቱት ከዚህ ቁጥር ውጭ ናቸው። በጋምቤላ በአማርኛ ብቻ የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ በአኙዋ፣ በኑዌርና በማጃንግ ቋንቋ ካልተነገረ ከኢራቁ ጆንያ የሚለየው በጥቂቱ ነው።

ሳይናይድ ሲጨመር

አንዳንድ ቦታ በባዜቃ ከታጠበው ደለል የቀረውን ወርቅ ለማውጣት ሳይናይድ ይጨመራል። ሳይናይድ ቶሎ ይገድላል፤ ሰውነት ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርጋል። በፀሐይና በአየር ግን ውሎ አድሮ ይፈርሳል። ባዜቃ አይፈርስም። ሁለቱ ሲገናኙ ሳይናይዱ ባዜቃውን አሟሙቶ በቀላሉ ወደ ውሃ እንዲገባ ያደርገዋል። ከደለሉ ላይ ባዜቃውን ሳያስወግዱ ሳይናይድ መጨመር በዓለም አቀፍ ደረጃ ከከፉት አሠራሮች አንዱ ተብሎ የተመደበው ለዚህ ነው።

በሕክምና መሣሪያና በመዋቢያ

ባዜቃ ወደ ቤታችን የሚገባው በወርቅ በኩል ብቻ አይደለም። የድሮው የመስታወት ቴርሞሜትር አንድ ግራም ገደማ፣ የድሮው የግድግዳ ወይም የጠረጴዛ የደም ግፊት መለኪያ ደግሞ ከ80 ግራም በላይ ይይዛል። ቴርሞሜትር ቢሰበር ልጆችን አስወጡ፤ መስኮት ክፈቱ፤ በመጥረጊያ አትጥረጉ፤ መጥረጊያ ይበትነዋል። በሁለት ካርቶን ሰብስባችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ክተቱ። ወደ ሽንት ቤት ወይም ወደ እሳት አይጣል።

የፊት ማቅያ ክሬምም ሌላው በር ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የባዜቃ ጨው አለባቸው። በላያቸው ላይ «ካሎሜል» ወይም «ሜርኩረስ ክሎራይድ» ከተባለ እርሱው ነው፤ ብዙዎቹ ግን ምንም አይጽፉም። ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ከፎጣና ከትራስ ወደ ሕፃኑም ይሄዳሉ። የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ባደረጉት ጉባኤ ባዜቃ ያለበት መዋቢያ ሁሉ ከ2025 በኋላ እንዳይመረትና እንዳይነገድ ወስነዋል። ምንነቱ ያልተጻፈበት፣ በሳምንት ውስጥ አቀላለሁ የሚል ክሬም ከማንም ቢሆን አትግዙ።

ምን ይደረግ?

«ባዜቃ ተዉ» ማለት ቀላል ነው። ከተቻለ መተው ይሻላል፤ አፈሩን በገበታና በምንጣፍ ደጋግሞ ማጠብና በመጨረሻ ጥቂቱን የታጠበ ወርቅ በቦራክስ ማቅለጥ ያለ ባዜቃ ይሠራል። በፊሊፒንስ ቤንጌት አካባቢ ያሉ ባህላዊ አምራቾች ይጠቀሙበታል፤ አንጥረኞቻችንም ቦራክስን ያውቁታል። ሁሉም አፈር ግን በዚህ አይሆንም፤ ይህን ደብቀን ብንናገር ቆፋሪው አይሰማንም።

ባዜቃ የሚጠቀም ሰው ቢያንስ ተኑን ይያዘው። ለዚህ ሪቶርት የሚባል ዕቃ አለ። ጓሉ በሚዘጋ ትንሽ የብረት ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ከክዳኑ ቀጭን የብረት ቧንቧ ወጥቶ ወደ ታች ያጎነብሳል፤ ቧንቧው በእርጥብ ጨርቅ ወይም በውሃ ይቀዘቅዛል። ተኑ ቧንቧው ውስጥ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆንና ይንጠባጠባል። ክዳኑ ከገጠመ እስከ 95 በመቶ ባዜቃው ይመለሳል። የውሃ ቧንቧ መገጣጠሚያ ያለው ብየዳ ቤት ሊሠራው ይችላል፤ የዚንክ ቅብ ያለው ቧንቧ ግን አይሁን፤ ሲግል የራሱ ጎጂ ጭስ አለው። ቆፋሪውም ይጠቀማል፤ የተመለሰውን ባዜቃ እንደገና ይሠራበታል፤ አዲስ አይገዛም። ሳይቀዘቅዝ መክፈት ግን ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

የጨርቅ ወይም የወረቀት ማስክ ተኑን አያግደውም። ማስክ አድርጎ እሳት አጠገብ መቀመጥ ጥበቃ የሌለው ድፍረት ነው። ማቃጠሉ ከቤት ርቆ፣ ሜዳ ላይ፣ ነፋስን ወደ ኋላ አድርጎ ይሁን። የሥራ ልብስ ወደ ቤት አይግባ፤ ከልጆች ልብስ ጋርም አይታጠብ። የማቃጠያው ድስት ወጥ አይሠራበትም። ባዜቃው የታሸበት አፈር ለመጠጥና ለውዱእ ውሃ ከሚቀዳበት ቦታ አይታጠብ፤ ራቅ ብሎ በተቆፈረ ጉድጓድ ይሁን። ወርቅ ቤቶች ደግሞ ተን የሚስብ ማጣሪያ ያለው ኮፈን ሳያቆሙ በሱቅ ውስጥ ባያቀልጡ ይመረጣል።

ሕግን በተመለከተ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አሉ። በጉጂ የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን አካባቢ ነዋሪዎች «ጤናችን ተጎዳ፣ ልጆቻችን አካል ጉዳተኛ ሆነው ተወለዱ» ብለው በተቃወሙ ጊዜ በግንቦት 2010 የኩባንያው ፈቃድ ታግዶ ነበር፤ ሥራው እንደገና የተፈቀደው ከዓመታት በኋላ በ2013 ነው። እዚያ የሚከሰስ ኩባንያ፣ የሚዘጋ በር ነበረ። በዲማ ያለው ግን በብዙ ሰው እጅ የተበተነ ትንንሽ እሳት ነው፤ ተቃዋሚውም አቃጣዩም አንድ ቤተሰብ ነው። እኛ እንደምናየው አማራጭ ሳይሰጡ መከልከል እሳቱን ከሜዳ ወደ ጎጆ ውስጥ ያስገባዋል፤ በዝግ ቤት የሚሠራው ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ወደ ብሔራዊ ባንክ የሚገባው ወርቅ በብዙ ጨምሯል፤ አብዛኛውም ከባህላዊ አምራቾች ነው። ወርቁን የሚቀበለው ወገን ከሚያገኘው ጥቂቷን ለሪቶርትና ለምርመራ ቢያውል ተገቢ ነው እንላለን።

የተጠረጠረ ሰው ምን ያድርግ?

ወተት ባዜቃን ከሰውነት አያወጣም፤ ነጭ ሽንኩርትም፣ ማስቀመጫም እንዲሁ። የመጀመሪያው ሕክምና ከተኑ መራቅ ነው። ተኑን ለሳበ ሰው የሚመረመረው ሽንት ነው፤ በዓሣ ለተጠረጠረ ደግሞ ደም ወይም ፀጉር። ምርመራው በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ሐኪሙ ወደ ትልቅ ሆስፒታል እንዲልክ መጠየቅ ይቻላል። ዲኤምኤስኤን የመሰሉ ባዜቃን ይዘው በሽንት የሚያወጡ መድኃኒቶች አሉ፤ የሚሰጡት በሐኪም ብቻ ነው፤ ታክሞ ወደዚያው እሳት ለሚመለስ ሰውም ብዙም አይጠቅሙም።

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ፈቃድ የለኝም ብላችሁ ሥራችሁን አትደብቁ፤ ሐኪሙ ፖሊስ አይደለም። «ወርቅ በሜርኩሪ አቃጥላለሁ፤ ለይህን ያህል ወር፤ ቤት ውስጥ» በሉት። እጃችሁን ዘርግታችሁ ጣቶቻችሁ ይንቀጠቀጡ እንደሆነ አሳዩት፤ ክብ ነገር በወረቀት ላይ ሥሉለት። አብረዋችሁ የሚኖሩትን ልጆችና እርጉዝ የሆነችውን ባለቤታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።